በካርዱ ጀርባ የተሳለው አኮርዲዮን፦ የአቶ አልቢን ኮረን የሕይወት ታሪክ

አቶ አልቢን ኮረን ከብረት ማዕድን ሠራተኛው ከአባታቸው ከአቶ ፍራንክ ኮረንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሎይዚያ በየካቲት ወር 1931 እ.ኤ.አ. እዚሁ ስፕሩስ ሌክ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከስሎቬኒያ በመርከብ የመጡ ናቸው። ቤታቸው ከማዕድኑ ጉድጓድ አፋፍ ብዙም ስለማይርቅ ድማሚት በፈነዳ ቁጥር ሳህኖቹ በመደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጡ ነበር። አቶ አልቢን ከዚያ ቤትና ከዚያ ጉድጓድ ርቀው ለመሄድ የቆረጡት ገና በልጅነታቸው እንደነበረ ለእኛ ለልጆቻቸው ደጋግመው ነግረውናል።

በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማሩ በቤዝቦል ቡድኑ ውስጥ ያዥ ሆኑ። ጭምብል አጥልቆ፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ መቀበል ጉልበት የሚጨርስ ሥራ በመሆኑ ሌላ ልጅ አልፈለገውም። እሳቸው ግን ወደዱት። በ1949 ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ከአንድ ትልቅ ክለብ ጋር ተፈራረሙ፤ ዕድሜያቸው ስላልደረሰ አባታቸውም አብረው ፈረሙ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ውል መግቢያ እንጂ መውጫ አልነበረውም። ክለቡ ካልሸጠው ወይም ካልለቀቀው በቀር ተጫዋቹ የትም ሄዶ መጫወት አይችልም። የክለቡን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ አባታችንም በቤታችን ውስጥ አይጠሩትም ነበር።

በአውቶቡስ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው እየዞሩ፣ መሐል ላይም ሁለት ዓመት በውትድርና አገልግለው፣ በ1956 ወደ ትልቁ ሊግ ተጠሩ። የክለቡ ዋና ያዥ ግን ዝነኛ ብቻ ሳይሆን ጤነኛም ነበር። ጉንፋን እንኳ አይዘውም። አቶ አልቢን ከሜዳው ዳር ካለው አጥር ኋላ ተቀምጠው የወርዋሪዎቹን ክንድ ማሟሟቅ ሥራቸው ሆነ። ጨዋታውን የሚከታተሉት በአጥሩ ቀዳዳ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመስከረም ዝናብ፣ ሙሉ ጨዋታ ተሰጣቸው። ያን ቀን የሊጉ ፈጣን ሯጭ ሁለተኛውን ማዕዘን ሊሰርቅ፣ ማለትም ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ሊይዘው፣ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ሁለቱንም ጊዜ አቶ አልቢን ከቁጢጣቸው ብድግ ብለው ወደ ማዕዘኑ በወረወሩት ኳስ ቀድመው ከጨዋታ አስወጡት። ሯጩ ሲመለስ በአጠገባቸው አልፎ፣ “አንተ ደግሞ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?” አላቸው። “አጥሩ ጋ” አሉት። ይህን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። በማግስቱ ወደ አጥሩ ተመለሱ።

በ1957 ጸደይ የተጫዋቾችን ፎቶ በትንንሽ ካርድ አትሞ ከማስቲካ ጋር የሚሸጥ ኩባንያ ሰው እርሳስ ይዞ በልምምድ ሰፈሩ እየዞረ ተጫዋቾቹን ይጠይቅ ጀመር።

“በክረምት ምን ትሠራለህ?”

“ምንም” አሉት አቶ አልቢን።

“ወንድም፣ ምንም ብዬ ልጻፍልህ?”

“በረዶ ይጠርጋል በልና ጻፍ።”

ሰውዬው ስቆ ሄደ። በበጋው ካርዱ ከማስቲካው ጋር ታሽጎ ወጣ። በፊቱ በኩል አባታችን ጭምብላቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ ፎቶ አንሺውን በጥርጣሬ እያዩ ይታያሉ። በጀርባው ከጥቂት ቁጥሮች አጠገብ ጭምብሉን እንዳጠለቀ አኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ተስሏል። ከሥሩም “አልቢን በክረምት የሰርግ አድማቂ ነው፤ በአኮርዲዮኑ ከተማውን ያስጨፍራል!” ይላል። ስሎቬኒያውያን በአኮርዲዮን ስለሚታወቁ፣ የስሎቬኒያ ስም ያለው የማዕድን ከተማ ልጅ ሌላ ምን ሊሠራ ይችላል ብሎ ነው ሰውዬው የጻፈው።

በኮረን ቤተሰብ አኮርዲዮን የሚጫወቱት ታናሽ ወንድማቸው ሲሪል ነበሩ። አቶ አልቢን ለሙዚቃ ጆሮ ስላልነበራቸው የቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን መሪ በልጅነታቸው ከንፈራቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ አዝዘዋቸው ነበር። በመኸር ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ካርዱ በየሱቁ መስኮት ተለጥፎ ጠበቃቸው። እናታቸውም ለጠየቃቸው ሁሉ “አዎ፣ ይጫወታል” ብለው መልሰዋል።

“እማዬ፣ ምን ነካሽ?” አሏቸው።

“ታዲያ ታትሞ የመጣውን ነገር ውሸት ነው ልበል? ክለቡ ቢቀየምህስ? አርፈህ ተማር።”

ሲሪል ሦስት ዘፈን አስተማሯቸው። አጎቴ ዛሬም እንደሚሉት፣ “ሦስት አስተማርኩት፣ ሦስቱንም ገደላቸው።”

አቶ አልቢን በ1958 ከወይዘሮ ኤድና ላምፒ ጋር ዛሬ ልንሸኛቸው በተሰበሰብንበት በዚህ አዳራሽ ጋብቻቸውን ፈጸሙ። እንግዶቹ ቋሊማውንና ዋልነት በውስጡ የተጠቀለለበትን ፖቲጻ የሚባል የስሎቬኒያ ጣፋጭ ዳቦ በልተው ሲጨርሱ ሙሽራው እንዲጫወቱ ጠየቁ። አባታችን ተነሥተው፣ “እኔ መጫወት አልችልም፤ ካርዱ ላይ ያለው ስህተት ነው” ብለው በግልጽ ተናገሩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። “ትሕትናውን አያችሁ!” አለ አንዱ። አኮርዲዮኑን አመጡና በሙሽርነት ልብሳቸው ላይ አጠለቁላቸው። እናታችን በሰርጋቸው ቀን የጨፈሩት ከአጎታቸው ጋር ነው። ከዚያ በኋላ እምቢ ባሉ ቁጥር ሰው ይበልጥ ወደዳቸው፤ በወደዳቸው ቁጥርም ይበልጥ ይጠራቸው ጀመር። ጨዋ ሰው ስለነበሩ ሰው ማሳፈር አይሆንላቸውም።

በ1959 በያዥ እጥረት የተቸገረ ሌላ ክለብ ፈለጋቸው። አቶ አልቢን ወደ ክለባቸው ኃላፊ ቢሮ ገብተው፣ “ወይ አጫውቱኝ፣ ወይ ልቀቁኝ” አሉ።

“አልቢን፣ አንተን እኮ የያዝንህ ለክፉ ቀን ነው” አላቸው ኃላፊው።

“ክፉው ቀን መቼ ነው?”

“እንዳይመጣ ጸልይ።”

ክፉው ቀን አልመጣም። በሚቀጥለው ዓመት ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ክለቡም “በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ” ብሎ መዘገባቸው። በራስ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው ግን ተለቋል ማለት አይደለም፤ ልመለስ ቢል የሚመለሰው ወደዚያው ክለብ ብቻ ነው። አባታችን ሸሽተውት ወደነበረው ጉድጓድ ወርደው እስከ 1986 ድረስ አባታቸው በሠሩበት ማዕድን ሠሩ። አብረዋቸው የሠሩት “አጥሩ ጋ” ብለው ቢጠሯቸው ምንኛ ደስ ባላቸው። የጠሯቸው ግን “አኮርዲዮኑ” እያሉ ነው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ካርድ ሰብሳቢዎች ይመጡ ጀመር። ከሩቅ ከተማ ነድተው ይመጣሉ፣ ካርዱን በላስቲክ ከረጢት እንደ ጽላት ይዘው ያስፈርማሉ። አንዱ፣ ጥሩ ሰው ነበር፣ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ፣ “አቶ ኮረን፣ ዝነኞቹን ሁሉም ይሰበስባቸዋል። እኔ የምሰበስበው የተረሱትን ነው” አላቸው።

“ልጄ፣ እኔ እኮ መቼ ተረሳሁ? ቢረሱኝ ኖሮ ምን ቸገረኝ” አሉና ፈረሙለት። ከዚያ ሰውየው አንዴ እንዲጫወቱለት ለመናቸው። ተጫወቱለት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እየሰማሁ ድስቱን በኃይል ስፈትግ እንደነበር አስታውሳለሁ። ተናድጄ ነበር፤ ይህንንም የምጽፈው እንደተናደድኩ ነው።

ወይዘሮ ኤድና በ2011 ካረፉ በኋላ አቶ አልቢን ብቻቸውን ኖሩ። በ2018 አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ የግራ ጎናቸው አልታዘዝ ስላለ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገቡ። እዚያ ለአረጋውያኑ መዝናኛ የምታዘጋጅ ደግ ልጅ ካርዱን ኢንተርኔት ላይ አገኘችው። ልታስደስታቸው ፈልጋ አኮርዲዮን ተውሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በጠያቂዎች ፊት ደረታቸው ላይ አሰረችላቸው። እኔ ስደርስ ሰው ያጨበጭባል፤ አባታችን በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ፣ የማይንቀሳቀስ እጃቸው በማሰሪያው ውስጥ ተይዞ፣ እንኳን ሊጫወቱት ሊያወልቁትም አልቻሉም። እንዳዩኝ፣ “ሮዛሊ፣ ይሄን ነገር አውርጂልኝ” አሉኝ። አወረድኩላቸው። ደረታቸውን በቀኝ እጃቸው እያሻሹ፣ “ሁለተኛ እንዳይጭኑብኝ። ስሞትም” አሉ።

አቶ አልቢን በተወለዱ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ በኅዳር ወር 2019፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ባሉበት ዐረፉ። ልጃቸው ጄሮም፣ እኔ ልጃቸው ሮዛሊ፣ ወንድማቸው ሲሪልና አራት የልጅ ልጆቻቸው ከሐዘን ጋር ቀርተናል።

ዛሬ ከዱሉዝ ከተማም ከሌላም ቦታ አኮርዲዮናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ ሻንጣዎቻችሁን በር ላይ አይቻቸዋለሁ። በፍቅር እንዳመጣችኋቸው እናውቃለን። ቢሆንም እንዳትከፍቷቸው እንለምናለን። ይህ ትሕትና አይደለም። እሳቸው በ1958 በዚህ አዳራሽ የተናገሩት እውነት ነበር፤ እባካችሁ ዛሬ እመኗቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲጫወቱ የኖሩት አጎቴ ሲሪል እንኳ የራሳቸውን አኮርዲዮን እቤት ትተው መጥተዋል። ስለ አባታችን የምትሉት ካላችሁ ግን ስለዚያ መስከረም ዝናብ ተናገሩ።

በአጥሩ ቀዳዳ ሲመለከቱ ያያቸው አምላክ ነፍሳቸውን በተጠባባቂነት ሳይሆን በሰፊው ሜዳ ላይ ይቀበልልን። ክለቡ ያልሰጣቸውን መልቀቂያ እኛ ቤተሰባቸው ሰጥተናቸዋል።

ይኸው አባባ፣ አውርጄልሃለሁ።