የአባቴ የመሪ ጥያቄ

ለተከበሩ የወንዞችና የዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እርስዎ ግን ጤናዎ ይብዛ፣ ማኅተም የሚመታውን እጅዎን ቁርጥማት አይንካው። ይህን የምጽፈው ከስፌት መኪናዬ ፊት ሆኜ ነው። እስካሁን አራት ጊዜ ተነሥቼ አራት ጊዜ ተቀምጫለሁና ፊደሌ ቢንጋደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ጉዳዩ የአባቴ ነው። አባቴ ከላባና ከክር ዝንብ እየሠሩ፣ በመንጠቆ ላይ አስረው ውኃው ላይ እያንሳፈፉ፣ ትራውት የሚባለውን ነጠብጣባም ዓሣ ሲያጠምዱ አርባ ዓመት ኖረዋል። ዘንድሮ ዓይናቸው ደክሟል፤ የቀረው ብርሃን ከዚህ ወር እንደማያልፍ ሐኪማቸው ቁርጡን ነግሯቸዋል። እሳቸውም የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓሣው ዝንቡን ሊይዝ ከውኃው ብቅ ሲል አንዴ ማየት።

ታዲያ ጽሕፈት ቤትዎ፣ ሰው በሚበዛባቸው ወንዞች ያለ መሪ፣ ማለትም አጥማጁን ይዞ የሚወርድ ሰው ሳይኖር፣ ማጥመድ ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ያን የመሰለ ሰሌዳ ስላቆመልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እየፈራሁ ጥቂት ነጥቦች ላቅርብ።

1ኛ/ የመሪ መጠየቂያ ቅጽ በሦስት ኮፒ ሞልቼ አስገባሁ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ መልስ የመጣልኝ ከተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ነው፤ መሪው ለየትኛው ዓይነት መኪና እንደሚገጠም፣ የቀድሞው መሪም ምን እንደነካው በጽሑፍ እንዳብራራ ታዝዣለሁ። ጉድ እኮ ነው! አባቴ ያላቸው የማጥመጃ ዘንግ እንጂ መኪና አይደለም። ቢሆንም የክፍሉን ትጋት ሳላደንቅ አላልፍም።

2ኛ/ በአካል ቀርቤ ሳስረዳ ጸሐፊዎ ስቃ ስቃ ሲወጣላት፣ የሰው መሪዎቹ በሙሉ ሥልጠና ላይ መሆናቸውን በትሕትና ነገረችኝ። የሚያሠለጥናቸውም ሰው ዘንግ አያያዝ የተማረው ከአባቴ ነው።

3ኛ/ ባለፈው ቅዳሜ አላስችል ብሎኝ ወንዙ ዳር ብወርድ ሠልጣኞቹን እዚያው አገኘኋቸው። እንግዶቻቸው ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ቆመዋል፤ የአንዱ መንጠቆ የሌላውን ባርኔጣ ሲያጠምድ መሪያቸው ስልክ ያወራል። ዓሣ የሚባል አላየሁም። እውነት ለመናገር በዓሣው አልፈርድም።

4ኛ/ የማጥመጃው ወቅት በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። አባቴ በየማለዳው ቦቲ ጫማቸውን አድርገው በሩ አጠገብ ይቀመጡና መልስ መጣ ወይ ይሉኛል። አልመጣም ስላቸው የዘንጋቸውን ክር በጣታቸው ይዳስሳሉ። ክቡር ሆይ፣ በዚህስ አንጀቴ አርሯል፤ እንደ ሌላው በምስጋና ልሸፍነው ብል አቃተኝ።

ስለዚህ አንድ ማለዳ ብቻ፣ እኔን አስከትለው ወንዛቸው ዳር እንዲቆሙ ይፍቀዱላቸው። ትዕግሥት ምን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ እያመሰገንሁ፣ ከወንበርዎ ዝቅ፣ ከሰሌዳዎም ፈንጠር ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው

ማስታወሻ፦ ፈቃዱ ከወሩ መጨረሻ በኋላ የሚደርስ ከሆነ በፍጹም እንዳይጨነቁ። ያን ጊዜ አባቴ ደንብዎን አክብረው ያለ መሪ አንድ እርምጃ አይራመዱም፤ ከአልጋቸው እስከ በሩ የምመራቸው እኔ ነኝ። ለዚህም ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ ከወዲሁ ቢያሳውቁኝ።