ለታመመም የሚደርስ እድር፦ የወይዘሮ ተስፋነሽ ዱባለ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ተስፋነሽ ዱባለ ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ኤርሲዶ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዳነች ሀንዲኖ በ1961 ዓ.ም. በከምባታ፣ በዱራሜ አቅራቢያ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል በዚያው ተምረው በ1978 ዓ.ም. አክስታቸውን ተከትለው ሰበታ መጡ። ብዙም ሳይቆዩ በአንድ የክር ፋብሪካ ተቀጠሩ። ማሽኑ ሥር ዘመናቸውን ሲጮሁ ስለኖሩ ቀስ ብሎ ማውራት አይችሉም ነበር፤ በሹክሹክታ የነገሩንን ምስጢር ሁሉ ሰፈሩ ሰምቶታል።

በ1984 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ከተዋወቋቸው ከአቶ ታመነ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ቲቶንና ጣቢታን ወለዱ። አቶ ታመነ የድንጋይ መፍጫ ሠራተኛ ነበሩ። አራቱም በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ ክረምት ሲሆን የቦዩ ውኃ ደጃፋቸው ድረስ እየመጣ፣ ተፋቅረው ኖሩ።

አቶ ታመነ ደረታቸውን ሲያማቸው “ብርድ ነው” እያሉ ዝንጅብል ይጠጡ ነበር። ሐኪም ቤት የዋሉበት ቀን ከደመወዛቸው ይቆረጣልና፣ ብርድ ነው ማለት ይሻላቸው ነበር። በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ሲወሰዱ ለመተኛት ማስያዣ ተጠየቀ። ቤተሰቡ ብድር ፍለጋ ሲሯሯጥ እሳቸው አረፉ። በዚያ ሰሞን በማስተር ፕላኑ ምክንያት ተቃውሞ ተነሥቶ መንገድ ይዘጋ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ቀን ግን ታክሲ እንደ ልብ ይሠራ ነበር፤ አቶ ታመነን የገደላቸው የመንገድ መዘጋት አይደለም።

የሰፈሩ እድር ወግ አላጎደለም። ድንኳን ተከለ፣ ሳጥን ገዛ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ አበላ። ወይዘሮ ተስፋነሽ ግን በዚያ በማይደበቅ ድምፃቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ታመነ ቆሞ ያጣውን ዛሬ ተጋድሞ አገኘ” አሉ። ሐዘን ነው የሚያናግራቸው ብለን አለፍነው። ተሳስተን ነበር።

ከዚያ በኋላ እድሩ ለታመመ ሰውም እንዲከፍል መጠየቅ ጀመሩ። ሰብሳቢው ኦቦ አበራ የእድሩን የገንዘብ ሣጥን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሐቀኛ ሰው ናቸው። “የእድር ገንዘብ የሙት ነው፤ የታመመ ሁሉ ከወሰደው ስንሞት በምን እንቀበራለን?” ብለው መለሱ። ወይዘሮ ተስፋነሽም “ኦቦ አበራ፣ ጎረቤት እያለው ሳይቀበር የቀረ ሰው አላየሁም፤ ሳይታከም የቀረ ግን ቤቴ ውስጥ ነበር” አሏቸው። ጉዳዩ በይደር ቆየ።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በሁከቱ ፋብሪካው ተቃጥሎ ተዘጋ። ወይዘሮ ተስፋነሽም እንደ ሌሎቹ ሠራተኞች ባዶ እጃቸውን ቀርተው በጉሊት ሽንኩርትና ድንች መሸጥ ያዙ። በዚያ ዓመት ሥራ የጠፋበት ቤት ሁሉ በሽታ ገባበት። ቁርሳቸውን የተዉ እናቶች ወተታቸው ነጠፈ፤ የግፊት መድኃኒት ይወስዱ የነበሩ ሰዎች መድኃኒቱን በልጆቻቸው ዳቦ ለወጡት። ወይዘሮ ተስፋነሽ ከጉሊት መልስ በየቤቱ እየዞሩ የታመመውን ይጠይቁ፣ የተረፋቸውን ድንች ትተው ይወጡ ነበር።

እድሩን ሰብስቦ ሕጉን ለመለወጥ ደግሞ አልተቻለም፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ስብሰባ ተከልክሏል። በመካከሉ አንድ ጎረቤት ሞተው ድንኳን ተተከለ፣ አባላቱም ሁሉ ተገኙ። ወይዘሮ ተስፋነሽ በሁለተኛው ቀን ተነሥተው ጉዳዩን አነሡ። ገንዘብ ያዡ አቶ ከድሩ “በለቅሶ ቤት ስብሰባ ነውር ነው” ቢሉም የሟቹ ባለቤት ራሳቸው “ይናገሩ፤ የእኔም ሰው በጊዜ ቢታከም አይሞትም ነበር” አሉ። ወዲያው የሚዘዋወሩ ወታደሮች ብቅ ብለው “እማማ፣ የምን ስብሰባ ነው?” ሲሏቸው፣ ወይዘሮ ተስፋነሽ “ለቅሶ ነው ልጄ፤ ግባና ንፍሮ ቅመስ” ብለው ሸኟቸው። ኦቦ አበራም “ዱጋ ቀብዳ፤ እውነትሽን ነው” ብለው እጃቸውን መጀመሪያ አወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከወር መዋጮው ግማሹ ለሕክምና ይውላል። በምጥ ተይዛችሁ፣ በልጅ ትኩሳት ተጨንቃችሁ ይህ ገንዘብ የደረሰላችሁ እዚህ መካከላችን አላችሁ።

በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ወይዘሮ ተስፋነሽ እግራቸው ያብጥ፣ ፊታቸውም ይነፋ ጀመር። ሲመረመሩ ለዓመታት ያልታከመ የደም ግፊት ኩላሊታቸውን ጨርሶታል ተባለ። ሐኪሙ ለምን እንደዘገዩ ቢጠይቋቸው፣ በፋብሪካው ታመምኩ ያለ ሰው ቀድሞ እንደሚቀነስ ነገሯቸው። እድሩ ወጪውን ችሎ አዲስ አበባ እየተመላለሱ ደማቸውን በማሽን ማሳጠብ ጀመሩ። በየካቲቱ አድማ የጅማ መንገድ በድንጋይ ሲዘጋ ኦቦ አበራ መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀምጠው ወጣቶቹን በኦሮምኛ አነጋገሩ፤ ወጣቶቹም ድንጋዩን በእጃቸው አንሥተው “እናታችን፣ እግዜር ይማርሽ” ብለው አሳለፏቸው።

በሚያዝያ ወር በፋብሪካው አጠገባቸው ቆመው ይሠሩ የነበሩት ወይዘሮ ብርቅዬ ጡታቸው ላይ እጢ ተገኘ፤ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ተባለ። የእድሩ ገንዘብ ለሁለቱ አይበቃም ነበር። ወይዘሮ ተስፋነሽ እኛን ሳያማክሩ አቶ ከድሩ ሱቅ ሄደው “የእኔ ማቆያ ነው፣ የእሷ ማዳኛ ነው፤ ለእሷ ይሁን” አሉና እጥበቱን አቆሙ። ጣቢታ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው፤ ቲቶ ተቆጣ፤ የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢም መከሯቸው። አልሰሙም። እኛ ቤተሰቦቻቸው በዚህ አልተስማማንም፤ ይህን ስናነብም አልተስማማንም። ሁለቱም መኖር ነበረባቸው። ደመወዝ ሳይቆረጥባቸው በጊዜ ቢታከሙ ኖሮ ማንም ከሁለት ሴቶች አንዷን ለመምረጥ ባልተገደደ ነበር። ይህ ያንገበግበናል።

ወይዘሮ ተስፋነሽ በተወለዱ በ49 ዓመታቸው፣ ግንቦት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዟቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ቲቶንና ጣቢታን፣ የልጅ ልጃቸውን ሜሪን፣ እንዲሁም እናት ያደረጓቸውን ብዙ የሰፈር ልጆች ትተዋል።

በኑዛዜያቸው መሠረት ድንኳን አልተተከለም፣ ምሳም አልተዘጋጀም፤ የቀብራቸው ድርሻም ለሕክምናው ተጨምሯል። ፀሐይ ላይ ላቆምናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ወይዘሮ ብርቅዬን በቀብሩ ላይ ያጣችኋቸው ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆስፒታል ስለተኙ ነው፤ ማንም ቅር እንዳይሰኝባቸው። የማን የሕክምና ተራ እንደደረሳቸው ገና አልነገርናቸውም። እግዚአብሔር ለእሳቸው ምሕረትን፣ ለእናታችን ነፍስ ዕረፍትን ይስጥልን። አሜን።