መንጋጋዬ እስኪላላ

ነቀምት፣ ሐምሌ ፲፱፻፶፮

ኢልማኮ፣ ልጄ ተረፋ፣ ጀርመን አገርም ብትሆን የእናትህ ምርቃት እንደ ነቀምት ዝናብ አይለይህ። እህትህ በቀለች ሴት ልጅ ወለደች።

አጎትህ ጉሉማ የሟች አባትህን የቡና መሬት በሐሰት ምስክር ከቀማኝ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ አድራለሁ። ነርሷ ጆሮዬ ሥር ያለው የመንጋጋ መጋጠሚያ የታመመው በዚሁ ነው አለችኝ። በብልቃጥ የላክህልኝ ጣፋጭ የመድኃኒት ፍሬ ይሁን በጨርቅ ቋጥሬ የማስርበት ትኩስ ጨው ይሁን እንጃ፣ ሰሞኑን ላላ ብሎልኛል።

ጉሉማ አሁን ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ለእርቅ ሽማግሌ ልኮብኛል። ከአፌ ምርቃት ካልወጣ እርቁ እርቅ አይሆንም፤ እኔም መንጋጋዬን በእጄ ይዤ፣ አልከፈት እንዳለኝ በምልክት አሳይቼ ሸኘኋቸው።

አንተን በልቤም እመርቅሃለሁ፤ ዋቃ ይጠብቅህ። አደራህን ግን ልጄ፣ የመድኃኒቱን ሁለተኛ ብልቃጥ ጉሉማ ሳይቀበር እንዳትልክብኝ።

እናትህ ድርቤ