ስለ ባለበጉ ወርቅ ያልነገርኩህ

ውድ ኦኖሬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነበር የሚያወራው።

በመጋቢት ስብሰባችን፣ በዚያ የቱር ከተማ ካፌ ጓዳ፣ የፈረንሳዩን ንጉሥ ፊሊፕ ባለበግ የወርቅ ሳንቲም ቀዩ ጨርቅ ላይ ስታሳርፈው ትዝ ይልሃል? አርባ ዓመት ጥንታዊ ወርቅ ስሰበስብ እንደዚያ ያለ አላየሁም። ሰባት መቶ ዓመት ኖሮ ትናንት የተመታ ይመስል ነበር። በገጠር ጨረታ ከዛጉ ቁልፎች መሐል ያገኘኸው አንተ፤ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበራችን ሊቀ መንበር እኔ። ይህ ፍርድ ነው?

አጉሊ መነጽሬን በክብር አወጣሁ፤ በክብርም ተነፈስኩ።

"ኦኖሬ ወዳጄ፣ ይህ በግ ፈገግ ብሏል።"

"ቢልስ?"

"በዚያ ዘመን የተቀረጸ በግ ፈገግ አይልም። የሚሠዋ በግ ምን አስፈገገው? የሐሰተኛ ሳንቲም ሠሪ እጅ ነው።"

መነጽሩ በሽማግሌዎቻችን እጅ ዞረ። ዐይኑን ሞራ የጋረደው ጋስፓር "ኧረ እንዲያውም ጥርሱ ይታያል!" አለ። በጉ ጥርስ አልነበረውም። ፈገግታም አልነበረውም።

ሐሳቤ ቆየት ብዬ "ለመማሪያ ይሁነኝ" እያልኩ ልወስድብህ ነበር። አንተ ቀድመህ ደወልክ።

"አንሴልም፣ ለልጅ ልጄ የክርስትና ሜዳሊያ ላደርገው ነው። በግ አይደል? ማክሰኞ ወርቅ ሠሪው ይበሳልኛል።"

የተበሳ ሳንቲም ለእኛ ለሰብሳቢዎች ሬሳ ነው። "ተው!" ማለት አንድ ቃል ነበር። እኔ ግን "በየት በኩል?" አልኩ።

"ከራሱ በላይ።"

"ደግ ነው" አልኩህ። ደግ!

በክርስትናው ዕለት በስኳር የተለበጠ ለውዝ ጉንጬን ሞልቼ ሳለ አቀፍከኝ። "አንተ ባትነግረኝ እንደ ሞኝ ካዝና ውስጥ ቆልፌበት እኖር ነበር" አልክ። ለውዜን ማኘክ ቀጠልኩ። ሕፃኗ ሳንቲሙን ትጠባለች።

ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ ቀረህ። ትናንት ባለቤትህ ኦዲል ገበያ አገኘችኝ።

"የሳንቲም መጻሕፍቱን በሙሉ ሊሸጥ ነው። ዐይኔ ከድቶኛል ይላል። ሳንቲም እናሳይህ ሲሉት ፊቱን ያዞራል። ምን ይሻለዋል?"

"ዕረፍት" አልኳት፤ የገዛሁትን ሽንኩርት ሳልቀበል ሸሸሁ።

ኦኖሬ፣ ዐይንህ ደኅና ነው። ወርቁ እውነተኛ ነበር፤ እኔ ቀናሁ። መጻሕፍትህን አትሽጥ። እሑድ በስብሰባችን በሁሉም ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ፤ ብትመጣ አንተው እየሰማህ፣ ብትቀር ወንበርህን እያየሁ። ይቅርታ የምጠይቅህ ከዚያ በኋላ ነው፤ ገና አፌ አልደፈረም።

እስከ እሑድ ድረስ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣
አንሴልም