ባነሩ ላይ ከፎቶዎ ግርጌ ስላለችው ልጄ

ለክቡር ኤልፒዲዮ ማካራይግ
የሳንታ ኦሊቫ ቀበሌ ካፒቴንና የምክር ቤቱ ሰብሳቢ

ሰኞ ጠዋት፣ ልጄ ጆቬሊን በጠፋች በሃያ አምስተኛው ቀን፣ ምስሏ ያለበት ባነር ከገበያው መግቢያ ወርዶ በቦታው የቀበሌው ዓመታዊ በዓል የመልካም ምኞት ባነር ተሰቅሏል።

ክቡር ካፒቴን፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በመልካም ዕረፍት ላይ ሳሉ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ፤ አዲሱ ባነር ላይ እንዳየሁዎት ከሆነ ፊትዎ እንኳንስ ሊከሳ ወዝ ጨምሯል፣ ተመስገን ነው። እኔ ሮዜንዳ ካታፓንግ እባላለሁ፤ ገበያው ውስጥ ዓሣ የምሸጥ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ጆቬሊን እናት ነኝ። ከውለታዎ አንዱም ተዘንግቶ እንዳይቀር ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ልጄ ከትምህርት ቤት ባልተመለሰችበት ሐሙስ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሮጬ ስመጣ ተረኛው ጥበቃ ስላደረገልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። «አቴ፣ እኅቴ፣ ተረጋጊ እንጂ! ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ መዝገብ አይከፈትም። ደሞ የዛሬ ልጆችን ታውቂያቸው የለ? ከጎረምሳ ጋር ኮብልላ ይሆናል፤ ነገ ሁለቱም እግርሽ ላይ ወድቀው ይቅርታ ይሉሻል» አለኝ። ጆቬሊን እስካሁን የምትተኛው ጆሮው የተበጠሰ የጨርቅ ጥንቸል አቅፋ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ከእናቷ ቀድሞ ስለ ትዳሯ በማሰቡ ባለ ዕዳ ነኝ።

፪. በሦስተኛው ቀን አምስት ኪሎ ሩዝና ስድስት ቆርቆሮ ሰርዲን አስይዘው እስከ ቤቴ ስለመጡ አመሰግናለሁ። ለዓሣ ሻጭ ሰርዲን ማምጣት ማንም የማያስበው ደግነት ነው። ፎቶ አንሺዎ «እናቴ፣ ወደ ካፒቴን ጠጋ በይ፤ ቆርቆሮውን ከፍ፣ ከፍ! ፈገግታው ይቅርብሽ» ሲለኝ ጠጋ ብያለሁ። ሩዝና ሰርዲን ለጎርፍ ተጎጂ የሚታደል ነው፤ የእኔን ቤት ደግሞ ጎርፍ አልወሰደውም፤ ነገር ግን ቀበሌው የሚያውቀው እርዳታ ያ ብቻ ከሆነ አልፈርድም።

፫. ስለ ባነሩ። ቀበሌያችን ለተመረቀውም፣ ፈተና ላለፈውም፣ በቁንጅና ውድድር ለተመረጠችውም ባነር ማሰር ልማዱ ነውና ለልጄም አልነፈጓትም። በግራ በኩል እርስዎ ከወገብዎ በላይ፣ ከስርዎ ሰባቱ የምክር ቤት አባላት በረድፍ፣ በግርጌው ቀኝ ጥግ ደግሞ የእጅ መዳፍ በምታህል ክብ ውስጥ ጆቬሊን። «ጠፍታለች» የሚለው ቃል ከሁሉም በታች፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አጠገብ ነበር። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ የሰጠሁት ፎቶ በትምህርት ቤቷ የሽልማት ቀን ሜዳልያ አጥልቃ የተነሳችው ነበር። ሌላ ጥሩ ፎቶ የላትም። በዚህ ምክንያት ዶሮ የምትሸጠው አሊንግ ቶያንግ ከመንገድ ማዶ «ማሬ፣ አበልጄ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ታዲያ ሳትጋብዢን ነው? አንደኛ ወጣች አይደል?» ብላ ጮኸችልኝ። ነገሩን ስነግራት ዶሮዎቿን ትታ መንገድ ላይ ተቀመጠች።

፬. ባለ ሦስት እግር ሞተር የሚነዳው ማንግ ፖንሶ በዚያ ባነር ሥር በቀን አሥር ጊዜ ያልፋል። በሃያ ሁለተኛው ቀን አሊንግ ቶያንግ እየጎተተች አመጣችልኝ። ቃሉ ይኸው፤ «አቴ፣ ያቺን ልጅማ እኔ ነኝ የጫንኳት! የጠፋችበት ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ እዚሁ ቀበሌው በር ላይ። አረንጓዴ ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ እጇን ይዛት ነበር፤ ወደቡ ጋ አወረድኳቸው። ባነሩንማ በየቀኑ አየዋለሁ! ሜዳልያዋን አይቼ ‹ጎሽ፣ የኔ ጎበዝ› ብዬ አልፋለሁ። ጠፋች የሚለውን ከየት አባቴ ላንብበው? የካፒቴኑ ጥርስ እኮ ነው የሚታየው!» ይህን ብሎ አለቀሰ። የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው።

፭. ካፒቴን፣ እዚህ ላይ የደብዳቤው ወግ ይቅርብኝ። ልጄ የተጫነችበት በር ላይ ካሜራ አለ። ካሜራው የዚያችን ሴት ፊት ይዟል። የተቀረጸው በሠላሳኛው ቀን ራሱን በራሱ ያጠፋል፤ ይህን የነገረኝ የእርስዎው ጸሐፊ ነው። የከተማው ፖሊስ ቅጂውን ለመውሰድ የቀበሌውን ደብዳቤ እጠብቃለሁ ይላል፤ ቀበሌው ደግሞ ደብዳቤ ለመጻፍ የምክር ቤቱን ውሳኔ እጠብቃለሁ ይላል። ባለፈው ዓርብ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ አባላቱ ለልምድ ልውውጥ ተራራ ላይ ወዳለችው የመዝናኛ ከተማ ሄደው ስለነበር ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። ትናንት እንደገና ተጠርቶ የበዓሉ የቁንጅና ውድድር ልምምድ ስለነበር አልሞላም። እኔ ሁለቱንም ቀን በሩ ላይ፣ ካሜራው ሥር ተቀምጬ ነበር፤ እኔንም ቀርጾኛል። ሴትዮዋን ለማየት የምጠይቀው አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ደቂቃ፣ ካፒቴን።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ፈገግታዎም ጭምር እጅ እየነሳሁ፣ ለእርስዎና ለልጆችዎ በየማታው በሰላም ወደ ቤት መግባትን የምመኝልዎ፣

ታዛዥዎ ሮዜንዳ ካታፓንግ
የዓሣ ተራ፣ ሳንታ ኦሊቫ
ማክሰኞ

ማስታወሻ፦ የዓርቡ ስብሰባ አጀንዳ ደርሶኛል። የእኔ ጉዳይ አሥራ አራተኛ፣ የበዓሉ መድረክ ቀለም ሦስተኛ ነው፤ ቀለሙ ከተመረጠ በኋላ ጊዜ እንደሚተርፍ ተስፋ አደርጋለሁ። እርስዎን ጨምሮ ከስምንቱ አባላት አምስቱ መገኘት አለባቸው። አራቱ እንደሚመጡ በቃላቸው አረጋግጠውልኛል፤ ሦስቱ እንደማይመቻቸው ነግረውኛል፤ ከእርስዎ ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ስብሰባው ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ቅጂው የሚጠፋው ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ነው።