የሐዲድ ዳር ሣር

ጥቅምት 6

ገብስ አስፈጭቼ መጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ ነበር። ዱቄቱን ገና ከትከሻዬ ሳላወርድ "መርዋ!" ... አባ ናቸው። ውሃ ፈልገው ነው። ኮዳው አጠገባቸው ነበር፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበት ነበር። አንስቼ ሰጠኋቸው።

ማታ ምስር ሠራሁ። ሌላ ምን አለ? ምንም።

ጥቅምት 9

የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ዝናሽ ከአዲስ አበባ ደወለች። ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ነገሩ ገብቶኛል። አባ ልባቸው ላይ ማሽን ሲገጠምላቸው ጥዬው የመጣሁት የሞዴል መሥሪያ ቤት ሰው ይፈልጋል። ለኤግዚቢሽን የባቡር መንገድ በትንሹ ሊሠሩ ነው፤ ተራራው፣ ድልድዩ፣ ጣቢያው ሁሉ። ሣሩ ግን እምቢ አላቸው። ሰጋቱራ ቀለም ነክረው ይለጥፋሉ፣ ምንጣፍ ይመስላል።

"አለቃችን ምን አለ መሰለሽ? ሣሩን አቁሞ የሚያሳየኝን እቀጥራለሁ።"

"እኔ ከዚህ መውጣት አልችልም እኮ።"

"መጀመሪያ ናሙናውን ሥሪ።"

እውነት አልችልም? አባ ያለ እኔ ክንድ ከመደቡ አይነሱም። ሐኪሙ ይራመዱ ብሎ ነበር። "ያዞረኛል" ይላሉ። ወንድሜ ዒምራን ደጎሎ ከተማ ሱቅ አለው፣ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። "አንቺ ምን አለብሽ?" አለኝ ባለፈው። ምንም ስለሌለኝ ሁሉም እኔ ላይ ወደቀ።

ጥቅምት 14

ከገበያ የትንኝ መግደያ ራኬት ገዛሁ፣ ያ ቻርጅ የሚደረገውን። ባለሱቁ ሳቀብኝ። "በዚህ ብርድ ምን ትንኝ አለ?"

የራኬቱ ኤሌክትሪክ ክርን ስቦ ያቆማል የሚል ቪዲዮ እያየሁ ፈታሁት። መረቡን አወጣሁና ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱን ከብረት የሻይ ማጥሪያ ጋር፣ ሌላውን አስረዝሜ ከምስማር ጋር አሰርኩ። የተላጠውን ሽቦ ሁሉ በናስትሮ ጠቀለልኩ። የሣሩ ክር ከአዲስ አበባ እንዳይመጣ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። አረንጓዴ ሹራቤን ተርትሬ በመቀስ ከተፍኩት። ጣቴ አብጧል።

ጥቅምት 15

ቆመ!

ኮላውን በውሃ አቅጥኜ ለናሙናው ባዘጋጀሁት ጣውላ ላይ፣ ትንሿ ሐዲድ ዳርና ዳር ቀባሁ። ምስማሩን እርጥቡ ኮላ ውስጥ ሰካሁ። ክሩን ማጥሪያው ውስጥ አድርጌ፣ ከጣውላው ትንሽ ከፍ አድርጌ ቁልፉን ተጫንኩና ነቅነቅ ... ክሩ እየዘለለ ወርዶ ቀጥ አለ። እንደ ቡቃያ። ብቻዬን ሳቅኩ።

ከዚያ ጅል ነገር ሠራሁ። አጥፍቼዋለሁ ብዬ ማጥሪያውን ነካሁት። ክንዴን እስከ ትከሻዬ መታኝ። ለካ ቢጠፋም ውስጡ የሚቀር ኃይል አለ።

አባን አሰብኩ። እኔን እንዲህ ካደረገኝ ...

ጥቅምት 16

አባ ባሉበት ክፍል በፍጹም አይሆንም። ሐኪሙ ከእንዲህ ያለ ኤሌክትሪክ ይራቁ ብሏል። እኔ ጓዳ፣ እሳቸው ሳሎን፣ በሩ ተዘግቶ። ካጠፋሁ በኋላ ምስማሩን በናስትሮ የተጠቀለለው በኩል ይዤ ከማጥሪያው ጋር አነካካለሁ። ጠሽ ብሎ ካልወጣለት እጄን አላስጠጋም። እጄም ደረቅ ይሁን። ማስቲሽ አጠገቡ አይድረስ፣ ሽታው ብልጭታ ካገኘ ቤቱም እኛም የለንም። አንዱ ደግሞ ቪዲዮ ላይ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩት ይላል። እብድ!

ለአባ ነገርኳቸው። "ልትገድይኝ ነው?" ብለው ሳቁ። ቆየት ብለው፣ "ይሄ ነገር አዲስ አበባ ይወስድሻል?"

ኮዳቸውን ልሞላ ወጣሁ።

ጥቅምት 22

ጓዳ በገባሁ ቁጥር ይጠሩኛል። "መርዋ! ትራሱን አስተካክይልኝ።" "መርዋ! በር ላይ ሰው አለ።" ሰው የለም። መንገዱም ተዘግቷል። ኮላውም ሊያልቅ ነው።

እወዳቸዋለሁ። ግን መጮህ አማረኝ።

ጥቅምት 29



የአባ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ኑርጃን፣ ከከላላ መጥተዋል። እኔ ሳልሰማ። ጓዳ ቁጭ ብዬ ሣሩን ሳቆም በሩ ተከፈተ ... አክስቴ ናቸው፣ አባን ደግፈው! "ልጂቱ ምን እንደምትሠራ እንይ ብለን ነው" አሉና አባን በሩ ሥር የገብሱ ጆንያ ላይ አስቀመጧቸው።

ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀር አለ? ሳላስበው ራኬቱን እንደያዝኩ ብድግ አልኩ። ቁልፉን ለቅቄዋለሁ፣ ግን አላነካካሁትም። ሽቦው ምስማሩን ከኮላው ነቀለው፤ ተወዛውዞ ማጥሪያውን መታው። ጠሽ! ሰማያዊ ብልጭታ።

አባ ዘለሉ። ዘለሉ ነው የምለው። ከጆንያው ተነስተው፣ ደፉን ተሻግረው፣ ግቢውን አቋርጠው አጥሩ ጋ ደረሱ። ማንም ሳይደግፋቸው፣ በባዶ እግራቸው።

ተከትያቸው ሮጥኩ። ገደልኳቸው ብዬ ነው። "አባ! አባ!" ደረታቸው ላይ እጄን አደረግኩ። ይመታል፣ ደህና ይመታል።

አክስቴ ከኋላ፣ አባን በስማቸው እየጠሩ፣ "ያ አላህ! ጀላል፣ ይሄ እግር የት ከርሞ ነው?"

አባ አጥር አጥሩን ያያሉ።

ጥቅምት 30

"ማዞሩ መጀመሪያ እውነት ነበር" አሉ ጠዋት።

"መቼ ተወዎት?"

"ከረመዳን ወዲህ።"

"ታዲያ ለምን፣ አባ?"

"ድኛለሁ ካልኩ ትሄጃለሽ።"

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ያን ሁሉ ወር ክንዴን ይዘው ሽንት ቤት ሲሄዱ ... "ሰውን አስሮ መተኛት ምን ይባላል?" አልኳቸው። ለአባቴ! አፌ እንዴት ደፈረ?

"ሐራም ነው" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "አውቀዋለሁ።"

ምሳ አላቀረብኩም። ራሳቸው ተነስተው አቀረቡ። ለእኔም አመጡልኝ። አልበላሁም።

ኅዳር 5

መናደድም ይደክማል። ኮላ ያመጡልኝ አባ ናቸው፣ ከሱቅ፣ በእግራቸው። በሩን ዘግቼ ስሠራ ከሳሎን ይጠይቃሉ።

"አጠፋሽው?"

"አጠፋሁት።"

"አነካካሽው?"

"አነካካሁት።"

ለሌላ ነገር አይጠሩኝም።

ኅዳር 12

ፎቶውን ለዝናሽ ላክሁ። ወዲያው ደወለች። "አለቃችን ስልኬን ሊዳብሰው ምንም አልቀረው! ይዘሽው ነይ፣ ሥራው ያንቺ ነው።" መንገዱም ተከፍቷል።

ዒምራን ሰምቶ ደወለ። "አባን ለማን ትተሽ ነው?"

አባ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። "ለጀላል ትታ" አሉና ዘጉት።

ኅዳር 14

ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ጽሑፌ አይነበብም።

ጣውላውን በጨርቅ ጠቅልለው የተሸከሙት አባ ናቸው። ዳገቱ ጋ ስንደርስ በልማድ ክንዴን ሰጠኋቸው። አልያዙትም። መናኸሪያው በር ላይ ጣውላውን አቀበሉኝና "አላህ ያድርስሽ" ብለው ዞሩ። ቆመው አልሸኙኝም። እንዳልሰጋላቸው ነው መሰለኝ ፈጠን ፈጠን እያሉ፣ ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ሄዱ።

ሚኒባሱ ሞልቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር፣ የማላያቸው መስሏቸው ማዕዘኑ ላይ ቆመው አየኋቸው። በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዘዋል። ደክሟቸው ነው? አዙሯቸው ነው? እያለቀሱ ነው?

"ወራጅ አለ" ልል አፌን ከፈትኩ።

አላልኩም።