«ቀለሙ እስኪመጣ ይጠብቁ» ላሉን ክቡር ኃላፊ

ለ«ሳቂታ ከተማ» የኢንተርኔት ጨዋታ ኩባንያ
ለደንበኞች ቅሬታ ክፍል ክቡር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርሃን ፈጣሪን እየለመንኩ ሰላምታዬን የማቀርበው በታላቅ አክብሮት ነው። ከዚህ በፊት በእንግሊዝኛ ደጋግሜ ብጽፍልዎ መልስዎና ጥያቄዬ ሊገናኙ ስላልቻሉ፣ ምናልባት በአማርኛ ይሻል እንደሆን ብዬ፣ ሌላውም ሰው አንብቦ ይፍረደን ብዬ፣ ይህችን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌአለሁ።

እኔ ካርቱም፣ ዐማራት ውስጥ ኢንተርኔት ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። ኮምፒውተሮቼ በሙሉ ማክ የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ አንድ የንድፍ ቢሮ ሲዘጋ ዕቃውን ሲሸጥ የገዛኋቸው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ በሰው ቤት የሚሠሩ የሀገሬ ልጆች ሲሆኑ፣ ከእነሱ አንዷ ናስራ ትባላለች። የወሎ ልጅ ናት፤ አል-ማንሺያ ሰፈር ተቀጥራ ትሠራለች፤ አርብ እረፍቷ ስለሆነ አምጃድ በሚሏት ትንሽ ታክሲ ተሳፍራ እኔ ዘንድ ትመጣለች። የምትመጣው ግን ለመጫወት አልነበረም።

ታናሽ እህቷ ዘምዘም ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከቤት መውጣት አይፈቀድላትም፤ ነገር ግን የቤቱ ልጆች የእርስዎን ጨዋታ ስለሚወዱ አርብ አርብ አብራቸው እንድትጫወት ትታዘዛለች። ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል ለእህቷ እንዲህ አለቻት፦ «ስልኬን መዳም ልትወስድብኝ ነው። ጨዋታው ውስጥ የምጽፈውን ደግሞ ትልቋ ልጅ ለእናቷ ትነግራለች። አንቺ የምስሌን ልብስ ብቻ እይ። አረንጓዴ ከለበስኩ ደህና ነኝ፤ ቀይ ከለበስኩ ድረሽልኝ።»

ለተወሰኑ ሳምንታት ዘምዘም በጨዋታው ከተማ ፏፏቴ አጠገብ አረንጓዴ ለብሳ ስትቆም እያየን አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስንል ከረምን። ከዚያ እርስዎ «ማሻሻያ» ያሉትን ነገር ላኩልን፤ እግዜር ይስጥልን። ከተሻሻለልን ወዲህ በማክ ላይ ሰዉም፣ ቤቱም፣ ዛፉም ቀለም እንዳልነካው ሲሚንቶ ሆኖ ቀረ። ባለሙያዎችዎ ቴክስቸር የሚሉት፣ ማለትም ዕቃውን የሚያለብሰው ቀለምና መልክ፣ አልመጣ አለ።

«እትዬ ሰርኬ፣ ግራጫ ምን ማለት ነው? ግራጫ አልተባባልንም እኮ» አለችኝ ናስራ።

«ማፊ ሸበካ፤ መስመሩ ደክሞ ይሆናል፣ ታገሺ» ብያት ወደ እርስዎ ጻፍኩ። ስለተደረገልን እርዳታም እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተጠራቀሙትን ምስሎች እንድንደመስስ መከሩን፤ ታዘዝን። መስመራችን ቀጭን ስለሆነ ቀለሙ ስንት ጊዜ አዝግሞ ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ይህ ትእዛዝ ጠራርጎት እንደገና ከባዶ ጀመርን። ይህንኑ ብንገልጽ ሌላው ሠራተኛዎ «እንደገና ደምስሱ» አለን። ለተራበ ሰው ማስታወኪያ የሚያዝ ሐኪም ገጥሞኝ አያውቅም ነበር፤ ስላስተዋወቁን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ጨዋታው የሚያሳየውን ርቀት እንድንቀንስ አዘዙን። ቀነስን። መጀመሪያ ዛፎቹ ጠፉ፣ ቀጥሎ ቤቶቹ፣ በመጨረሻ ዘምዘም ራሷ። በእውነቱ ፍጥነቱ ጨምሯል፤ የሚታይ ነገር የለማ!

ሦስተኛ፦ ቀለሙ ለእኛ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን በዝርዝር ስጽፍልዎ የመለሱልኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ቀለም ለውበት ብቻ ነው፤ ያለ ቀለምም በጨዋታው ሙሉ በሙሉ መደሰት ይቻላል። ቀለሙ እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠብቁ።» ከዚያም ቅሬታዬን «ተፈቷል» ብለው ዘጉት።

መልሱን ለናስራ ተረጎምኩላት፤ አመነችዎ። «ባለቤቶቹ ጠብቁ ካሉ ሊያስተካክሉት ነው፣ ኢንሻአላህ» አለች። እስከዚያው እህቷ እንዳይከፋት ብላ አርብ በመጣ ቁጥር የራሷን ምስል በዚያች ግራጫ ልጅ ፊት እያስጨፈረች፣ እያዘለለች ታጫውታት ጀመር።

አንድ አርብ ግን ትዕግሥቴ አለቀና ቤቴን ዘግቼ «ያላ፣ ተነሽ» አልኳት። ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን ገበያው አጠገብ ጂብሪል የሚባል የማውቀው ሰው ቤት ገባን። የእሱ ኮምፒውተሮች ማክ አይደሉም። ናስራ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል ከተማው በሙሉ ቀለም ለበሰ። ዘምዘም ፏፏቴው አጠገብ ቆማለች፤ ከሻሿ እስከ ጫማዋ ቀይ ናት።

ናስራ ቀዩ ቀለም የሚለቅ ይመስል የኮምፒውተሩን መስታወት በጣቷ ፈተገችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ጥያቄውን በአክብሮት ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

በዚያው ሰዓት ቤይሩት ለምትኖር ስንቅነሽ ለምትባል የሀገራችን ሰው ደወልን። ስንቅነሽ ጠበቃ ይዛ መዳሟ ቤት ሄዳ፣ በሩ እስኪከፈትላት ንቅንቅ አልልም አለች። ዘምዘምን ስታወጣት ልጅቷ አጥንቷ ገጦ፣ ሁለት ክንዷ በካውያ ተቃጥሎ ነበር። ዛሬ በሕይወት አለች፤ ስንቅነሽ ቤት ተጠግታለች።

እህትማማቾቹ በስልክ ሲገናኙ እኔ ናስራ አጠገብ ነበርኩ። የዘምዘም ድምፅ እስከ እኔ ይሰማል። «ቀይ ለብሼ ስጠብቅሽ ትጨፍሪብኝ ነበር» አለቻት። «ጠልታኛለች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።»

ናስራ «አላየሁሽም፣ ወላሂ አላየሁሽም» እያለች ደጋገመችላት። ቴክስቸር የሚሉት ነገር በማክ ላይ ዘግይቶ መሆኑን በዚያ ሰዓት እንዴት አድርጋ ታስረዳት? ዘምዘም ይቅር ብያለሁ ብላለች፤ ናስራ ግን እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም።

ክቡር ሆይ፤ ካውያው የእርስዎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዕቃችሁ በማክ ላይ እንደተበላሸ እያወቃችሁ «አልቻልንም፤ ሌላ ኮምፒውተር ፈልጉ» ማለት አሳፍሯችሁ፣ ትዕግሥትን ለእኛ ማዘዝ አላሳፈራችሁም። ያቺን አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ብትጽፉልን ኖሮ በመጀመሪያው አርብ ኦምዱርማን በደረስን ነበር።

ለማይደክመው ትሕትናዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ዳግም በእርስዎ ከመረዳትም ፈጣሪ እንዲጠብቀኝ እየተማጸንኩ እሰናበታለሁ።

ታዛዥ ደንበኛዎ የነበረችው
ሰርክአዲስ ወልደሥላሴ
ካርቱም፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት «አገልግሎታችንን ለሌላ ቤተሰብ ይመክራሉ?» የሚል መጠይቅ ልካችሁልኛል። ናስራን ጠየቅኋት። «ለዚያ ለቤይሩቱ የመዳም ቤት ምከሪልኝ፤ አንድ ቀን ጨንቋቸው ሲጣሩ የሚመልሱላቸው እነዚህ ይሁኑ» ብላለች።